የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድርጅት መረጃ ወደ አዲስ ሶፍትዌር ሲዛወር

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የተላኩ ሲሆኑ፣ የሚያነሡት ጉዳይ ተቀራራቢ ነው። ሁሉም ከነባሩ የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ከኤክሴል ወይም ከመዝገብ ወደ አዲስ ሲስተም ሲዛወሩ መረጃው እንዳይጠፋ፣ እንዳይዛባና ያልተገባ እጅ ውስጥ እንዳይገባ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ መልሱም ረዝሟል።

ጥያቄ፦ ድርጅታችን ባሕር ዳር ላይ ዋና መጋዘን፣ ወረታ ላይ ደግሞ ቅርንጫፍ ያለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲሆን፣ የፎገራ ሩዝ፣ ጥራጥሬና የምግብ ዘይት በጅምላ ያከፋፍላል። ሂሳባችንን ለበርካታ ዓመታት በፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር ስንይዝ ቆይተን፣ አሁን ሽያጭን፣ መጋዘንን፣ የደመወዝ ክፍያን (ፔሮል) እና ሂሳብን የሚያገናኝ ኢ.አር.ፒ. የሚባል ሶፍትዌር ገዝተናል። ሻጩ ድርጅት «ዳታውን ብቻ ስጡን፤ በአንድ ቅዳሜና እሑድ እንጨርሰዋለን» ይለናል። ሥራ አስኪያጃችን በበኩላቸው የ10 ዓመቱ ግብይት በሙሉ ወደ አዲሱ እንዲገባ ይፈልጋሉ። ነገ ቁጥሩ ቢዛባ የምጠየቀው እኔ ነኝና ምን ትመክሩኛላችሁ?
የሂሳብ ክፍል ኃላፊ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ሻጩ ፋይሉን ከአንዱ ሲስተም አውጥቶ ወደ ሌላው ማስገባት ይችላል፤ የገባው ቁጥር እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ግን አይችልም። የትኛው ደንበኛ ምን ያህል እንደሚፈለግበት፣ የትኛው ዕቃ በመጋዘን እንዳለና የትኛው በመዝገብ ላይ ብቻ እንደቀረ የሚያውቀው የእርስዎ ክፍል ነው። ስለዚህ ዝውውሩ ተጠናቀቀ የሚባለው ሻጩ ጨርሻለሁ ባለ ጊዜ ሳይሆን፣ የሂሳብ ክፍሉ ቁጥሮቹን አመሳክሮ በፈረመ ጊዜ መሆኑ በውሉ ላይ ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያም ከዚሁ ፊርማ ጋር ይታሰር። ውሉ ቀድሞ ተፈርሞ ከሆነ በተጨማሪ ስምምነት ማስገባት ይቻላል፤ ከሻጩ ጋር ደፈር ብሎ ለመነጋገርም ገንዘቡ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ አይመችም።

የ10 ዓመቱ ግብይት በሙሉ ይግባ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። እያንዳንዱ የቆየ ግብይት ወደ አዲሱ የሂሳብ መደብ መመደብ አለበት፤ ድሮ የተዘጉ ደንበኞች፣ ከገበያ የወጡ ዕቃዎችና በጊዜው ሳይታረሙ የቀሩ ስሕተቶችም አብረው ይገባሉ፤ ይህን ሁሉ የማጥራት ሥራ ደግሞ የሚወድቀው በእርስዎ ክፍል ላይ ነው። አዲሱ ሲስተም በትክክል የሚያስፈልገው የደንበኞች፣ የአቅራቢዎች፣ የዕቃዎችና የሠራተኞች ዝርዝር፣ ቋሚ ንብረቶች እስከዚያ ዕለት ከተጠራቀመው የእርጅና ቅናሽ ጋር፣ የመዛወሪያው ዕለት የሂሳብ ሚዛን፣ እንዲሁም ገና ያልተሰበሰቡና ያልተከፈሉ ደረሰኞች ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ያለፉትን ዓመታት ማወዳደር ከፈለጉ የየወሩን ጥቅል ሚዛን ማስገባት ይበቃቸዋል።

ያልተዛወረው ይጣላል ማለት ግን አይደለም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሰነዶች የግብር ማስታወቂያው ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ የንግድ ሕጉ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ካስቀመጠም እስከዚያው ድረስ እንዲጠበቁ ያዛል። እዚህ ላይ ብዙ ድርጅት የሚዘነጋው ነገር አለ። የፒችትሪ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ራሱ ፒችትሪ በሌለበት የማይከፈት ፋይል ነው፤ ሶፍትዌሩ ተነሥቶ፣ የተጫነበት ሲዲ የት እንደገባ ሳይታወቅ፣ ባክአፑ ብቻ በፍላሽ ቢቀመጥ ለኦዲተር የሚታይ ነገር አይኖርም። ስለዚህ አንድ ኮምፒውተር ከነሶፍትዌሩ ሳይነካ ይቀመጥ፤ አዲስ ግብይት እንዳይገባበት ማንም መመዝገብ የማይችልበት የተጠቃሚ ስም ብቻ ይቅርለት፤ የየዓመቱ ጠቅላላ መዝገብም በፒ.ዲ.ኤፍ. ይውጣ። የመጨረሻው ባክአፕ ሲወሰድ ሁሉም ተጠቃሚ ከሲስተሙ መውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ 3 ቅጂ ያዘጋጁ፤ ቅጂዎቹ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይሁኑ፣ አንዱም ከዋናው ቢሮ ውጭ ይዋል፤ ለእናንተ የወረታው ቅርንጫፍ ለዚህ ይመቻል። ባክአፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እስካላያችሁት ድረስ ግን ባክአፕ አለን አትበሉ።

የመዛወሪያውን ዕለት በተመለከተ፣ የሂሳብ ዓመታችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነ ሐምሌ 1 ተመራጭ ነው፤ የዓመቱ ገቢና ወጪ ተዘግቶ የሚሻገረው የሀብት፣ የዕዳና የካፒታል ቀሪ ብቻ ይሆናልና። ችግሩ ይህ ጊዜ የሂሳብ ክፍሉ በዓመት መዝጊያና በግብር ማስታወቂያ የሚወጠርበት መሆኑ ነው። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ጊዜ ስላለው፣ ኦዲተሩ እስኪጨርስ ሳትጠብቁ በጊዜያዊው ቀሪ ሂሳብ መጀመርና የኦዲተሩን ማስተካከያ በኋላ በጆርናል (በማስተካከያ ምዝገባ) ማስገባት ትችላላችሁ። በዓመት መካከል መዛወርም ይቻላል፤ የማይቻለው በወር መካከል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ የደመወዝ ግብሩና ጡረታው በሁለት ሲስተም ተከፍለው የሚታወቁበት ወር ማንንም ያደክማል።

ዋናው ጥንቃቄ ከዝውውሩ በፊት የሚሠራ ነው። አንድ ፋይል እንኳ ሳይወጣ፣ ከፒችትሪ ላይ የደንበኞችን ብዛት፣ የተሰብሳቢውን ጠቅላላ ድምር፣ የአቅራቢዎችን ብዛት፣ የተከፋዩን ድምር፣ የዕቃ ዓይነቶችን ብዛት፣ የየመጋዘኑን ክምችት በመጠንና በብር፣ የየባንኩን ቀሪ፣ የዴቢትና የክሬዲቱን ጠቅላላ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ፈርሙበት። አዲሱ ሲስተም የሚለካው በዚህ ወረቀት ነው። የደንበኞች ዝርዝር ድምር በሚዛኑ ላይ ካለው የተሰብሳቢ ሂሳብ ጋር ገና ከመነሻው የማይገናኝ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱን አሮጌው ላይ ሳላችሁ አጥሩት፤ አዲሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ይሁን የእናንተ መለየት ያስቸግራል።

በእናንተ ዓይነት ንግድ በጣም የምፈራው የመለኪያ መዛባትን ነው። ለምሳሌ 340 ኩንታል ሩዝ፣ ለስሌት እንዲመች ኩንታሉ በ10,000 ብር ተይዞ፣ የክምችቱ ዋጋ 3,400,000 ብር ነው እንበል። አዲሱ ሲስተም የሩዝ መለኪያው ኪሎ ተብሎ ከተመዘገበና ፋይሉ እንዳለ ከገባ፣ ሲስተሙ 340 ኪሎ ሩዝ በኪሎ 10,000 ብር አለ ብሎ ይይዛል። ጠቅላላ ዋጋው አሁንም 3,400,000 ነው፤ የሂሳብ ሚዛኑም ይገጥማል፤ ሁሉም ሰው ተደስቶ ይፈርማል። ስሕተቱ የሚታየው የመጀመሪያዎቹ 4 ኩንታሎች እንደ 400 ኪሎ ሲሸጡ ነው፤ ያን ጊዜ ክምችቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ የተሸጠው ዕቃ ዋጋም ሚሊዮኖችን ይጠራል። ስለዚህ በብር ብቻ አታመሳክሩ፤ በመጠንም አመሳክሩ። ባለ 50 ኪሎው ጆንያ፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካንና ካርቶኑም እንደዚሁ የየራሳቸው መቀየሪያ ይሰጣቸው። ከሁሉም በላይ በመዛወሪያው ዋዜማ በሁለቱም መጋዘን ቆጠራ ተደርጎ ከቢን ካርዱ (የየዕቃው ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት የመጋዘን ካርድ) ጋር ይታረቅ፤ የሚገባው የተቆጠረው ነው፣ ልዩነቱም በአሮጌው ሲስተም ላይ ተጣርቶ ይዘጋ።

ያልተሰበሰበ ሂሳብ በጅምላ አንድ ቁጥር ሆኖ አይግባ። ደረሰኝ በደረሰኝ፣ ከነመጀመሪያ ቀኑ ይግባ፤ አለበለዚያ የአንድ ዓመት ዕዳ ሁሉ ሐምሌ 1 ቀን የተሸጠ ይመስልና የቆየውን ከአዲሱ መለየት አይቻልም። ሆኖም እነዚህ ደረሰኞች እንደ አዲስ ሽያጭ ከተመዘገቡ ገቢውም ተጨማሪ እሴት ታክሱም ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ስለሆነም ሌላው ጎናቸው ወደ ሽያጭ ሳይሆን ለመክፈቻ ቀሪ ብቻ ወደተዘጋጀ የመሸጋገሪያ ሂሳብ መሄድ አለበት። ሁሉም ነገር ገብቶ ሲያልቅ ይህ የመሸጋገሪያ ሂሳብ ዜሮ መሆን ይኖርበታል። 12 ብር እንኳ ከቀረበት አትለፉት፤ ትንሽ ልዩነት አንዳንዴ እርስ በርሳቸው የተካካሱ ሁለት ትልልቅ ስሕተቶች ውጤት ነው። ቅድሚያ ክፍያ የሰጡ ደንበኞችን በተለይ ተመልከቷቸው፤ እኛ የምንፈልግባቸው ሳይሆን ከእኛ የሚፈልጉ ናቸውና፣ ከዜሮ በታች መሆኑን ለማሳየት በቅንፍ የተጻፈው ቁጥራቸው ሲዛወር ቅንፉን ጥሎ ተራ ዕዳ ሆኖ ሊገባ ይችላል።

«በአንድ ቅዳሜና እሑድ» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ከዚያ በፊት ልምምዱ ከተደረገ ብቻ ነው። ለሙከራ በተዘጋጀ የሲስተሙ ቅጂ ላይ ዳታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያዛውሩ፤ በመጀመሪያው የሚወጣውን ስሕተት አዲሱ ላይ በእጅ አያርሙት፤ ምንጩ ላይ ታርሞ እንደገና ይዛወር፣ ያለዚያ በዋናው ቀን ያው ስሕተት ተመልሶ ይመጣል። በዋናው ቀን ማንም ሰው በፒችትሪ ላይ እንዳይመዘግብ ይከልከል። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ሰርቨሩ ባትሪ ይኑረው፤ እስከ እሑድ ማታ ድረስ ቁጥሩ ካልገጠመ ወደ አሮጌው ተመልሰን ሰኞ ሥራ እንጀምራለን የሚል ውሳኔ ማን እንደሚሰጥም አስቀድሞ ይታወቅ። ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን ለ3 ወር ማስኬድን የሚመክሩ አሉ፤ በእናንተ ልክ ላለ ድርጅት አንድ ሙሉ ወር ይበቃል ባይ ነኝ፤ ጊዜው ሲረዝም ሠራተኛው ይታክትና ሁለቱም መዝገብ ጎደሎ ይሆናል። ፔሮል ብቻ ሁለት ወር ቢወዳደር አይከፋም፤ የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በእያንዳንዱ ስም ላይ በሁለቱም ሲስተም እኩል ሆኖ መውጣት አለበት።

ጥያቄ፦ የሕክምና ዕቃ አከፋፋይ ነን። የደንበኞቻችንና የሽያጫችን መዝገብ በኤክሴል ነው። ወደ አዲሱ ሲስተም ስናስገባው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሮችን «ልክ አይደለም» እያለ ይመልሳል፤ ቀኖቹም ግማሾቹ የማይታወቅ ዓመት ይዘው ይገባሉ፤ አንድ ደንበኛ ደግሞ በሦስት ስም ይታያል። ችግሩ የሶፍትዌሩ ነው?
ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ችግሩ በአብዛኛው የኤክሴል ነው፤ በይበልጥ ደግሞ ኤክሴል ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር አድርጎ የመውሰድ ልማዱ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አሃዝ ሲሆን ብዙው በ00 ይጀምራል፤ ኤክሴል ሁለቱን ዜሮ ጥሎ 8 አሃዝ ያስቀርና ሲስተሙ ልክ አይደለም ይላል። በ09 እና በ07 የሚጀምር ስልክም ዜሮውን ያጣል። የባንክ ሂሳብ ቁጥር የባሰ ነው፤ 13 አሃዝ ያለውን ቁጥር ኤክሴል አሳጥሮ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳየዋል፤ ፋይሉ በዚያ መልኩ ሲ.ኤስ.ቪ. (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሆኖ ከተቀመጠ የሚጻፈው የታየው እንጂ ዋናው ስላልሆነ የመጨረሻዎቹ አሃዞች እስከ ወዲያኛው ይጠፋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዳታው ከመግባቱ በፊት እነዚህን ዓምዶች «ቴክስት» ማድረግ ነው። ገብቶ የተበላሸውን መለያ ቁጥር 10 አሃዝ እስኪሞላ በዜሮ መሙላት ይቻላል፤ የተቆረጠውን የባንክ ቁጥር ግን ከሰነዱ እንደገና ከመጻፍ በቀር መላ የለውም። ሲ.ኤስ.ቪ. ስታወጡም ዩ.ቲ.ኤፍ-8 የሚለውን የፊደል አቀማመጥ ምረጡ፤ አለበለዚያ የአማርኛው ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ቀኑ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ነው። ኤክሴል ይህን አያውቅም። ጥቅምት 5 ቀን 2016ን 05/02/2016 ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ወርን አስቀድሞ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ ሜይ 2 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ይሆናል፤ ትክክለኛው ግን ኦክቶበር 16 ቀን 2023 ነው። ጥቅምት 30 ደግሞ 30/02 ስለሚሆንና እንዲህ ያለ የፌብሩዋሪ ቀን ስለሌለ ቀን ሳይሆን ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጳጉሜንማ ከሁሉም ይብሳል፤ 3/13/2015 ብላችሁ የጻፋችሁት ጳጉሜን 3 ማርች 13 ይሆንና ማንም ሳያስተውለው ያልፋል። ዓምዱን በዓይን ብቻ ስትመለከቱት እንኳ ይታያል፤ አሰላለፉን ካልነካችሁት ኤክሴል ቀን ብሎ የተቀበለውን በቀኝ፣ ጽሑፍ ብሎ የተወውን በግራ አስጠግቶ ያስቀምጣል፤ የተቀላቀለ ከሆነ ዓምዱ ተበላሽቷል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ለይታችሁ፣ ወደ ጎርጎርዮሳዊው በመቀየሪያ ቀይራችሁ አስገቡ። ዓመቱ በ7 ወይም በ8 እንደሚለያይ፣ ከጳጉሜን 6 በኋላም አዲስ ዓመት በሴፕቴምበር 12 እንደሚውል አትርሱ። መቀየሪያውን ለመፈተን ጥምቀትን ተጠቀሙ፤ ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ቀን 2024፣ ጥር 11 ቀን 2017 ደግሞ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ሆነው ካልወጡ መቀየሪያው አይታመንም።

ስሙን በተመለከተ ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ገብረ መድኅንና ገ/መድህንም እንደዚሁ። ደንበኛን በስም አትለዩ፤ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ እሱ ከሌለው በስልኩ ለዩት። አንድ የሚመስሉትን ስሞች ሶፍትዌሩ በራሱ እንዲያዋህድ ግን አትፍቀዱ፤ በስምም በአባት ስምም የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች በእኛ አገር ብርቅ አይደሉም። በቆዩ ፋይሎቻችሁ ውስጥ በቪዥዋል ግዕዝ (የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር) ዘመን የተጻፈ ካለም አስቀድማችሁ አስቀይሩት፤ ግዕዝ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ) የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አዲሱ ሲገባ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይነበባል።

ጥያቄ፦ በሐይቁ ዳር የሚገኝ ሆቴል አስተዳድራለሁ። አዲሱን የሆቴል ሲስተም የሚገጥምልን ባለሙያ የእንግዶቻችንን ሙሉ መረጃ በቴሌግራም እንድልክለትና የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል እንድሰጠው ጠይቆኛል። ልስጠው?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ በዚህ መልክ አይስጡት። የእንግዶችዎ ስም፣ ስልክና የፓስፖርት ቅጂ የግል ዳታ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ኃላፊነቱን የሚጥለው በቅድሚያ ዳታውን በሰበሰበው፣ ማለትም በእርስዎ ሆቴል ላይ ነው። ባለሙያው በጎ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በቴሌግራም የተላከው ፋይል ግን በስልኩም፣ በላፕቶፑም፣ አብሮት በሚሠራው ልጅ ስልክም ይቀራል። ለሙከራው ስሙና የፓስፖርት ቁጥሩ በሐሰተኛ የተተካ ቅጂ ይበቃዋል። ለዋናው ዝውውር ደግሞ በእርስዎ ቢሮ፣ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ይሥራ፤ በስሙ የተከፈተ የራሱ መግቢያ ይሰጠው፣ ሥራው ባለቀ ዕለትም ይዘጋ። የድሮ እንግዶችን የፓስፖርት ቅጂ ማዛወር ስለማስፈለጉም ቆም ብለው ያስቡ፤ ለሥራ የማያስፈልግ ነገር ባይሻገር ይመረጣል።

ሲስተሙ ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በሚገኝ የሌላ ድርጅት ሰርቨር) ከሆነ ሁለት ነገር በውል ያስገቡ። አንደኛው፣ በፈለጉ ጊዜ ዳታዎን በሚከፈት ፋይል የመውሰድ መብትዎ ነው። ሁለተኛው፣ ዳታው በየት አገር እንደሚቀመጥ ነው፤ አዋጁ የግል ዳታ ከአገር ሲወጣ የሚጠብቃቸው ሁኔታዎች አሉት። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን እንግዳ የሚቀበሉበት የታተመ ዝርዝር በየማታው በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ይኑር።

ጥያቄ፦ የዓሣ አጥማጆች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። የአባላቱን ዕጣ (የአባልነት ድርሻ) እና ብድር ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ልናስገባ ነው። ከየት እንጀምር?
ከጣና ዳርቻ

መልስ፦ ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከአባላቱ ጀምሩ። የእያንዳንዱን አባል ዕጣ፣ ቁጠባና ቀሪ ብድር ከደብተሩ ደምሩና ለባለቤቱ አንብቡለት፤ ልክ ነው ሲል ያስፈርሙት፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ በምስክር ፊት ጣቱን ያሳርፍ። ክርክር ካለ አሁን፣ ደብተሩና የጻፈው ሰው ባሉበት ይፈታ። ለሁሉም የአባልነት ቁጥር ስጡ። ከዚያ አንዱ እያነበበ ሌላው ይጻፍ፤ ሲያበቃ ከኮምፒውተሩ የወጣው ድምር ከደብተሩ ድምር ጋር በገጽ በገጽ ይመሳከር። ደብተሩ እንደተዘጋ የመጨረሻው ገጽ ላይ የተዘጋበት ቀን ተጽፎ የሥራ አመራር ኮሚቴውና የቁጥጥር ኮሚቴው ይፈርሙበት፤ ከዚያ በኋላ በደብተሩ ላይ ማንም እንዳይጽፍበት በቁልፍ ይቀመጥ።